አሥራ አንደኛው ፊርማ

ማክሰኞ ዕለት ነው፤ ሻዕባን ሰባት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። በዚያ ሰዓት መምህር ሙንሲፍ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ቆሞ አንዴ ፒተርን፣ አንዴ ሱዛንን እየሆነ ከመማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ያነብ ነበር። ፒተር ባቡር ጣቢያ ቆሞ ባቡሩ በስንት ሰዓት እንደሚሄድ ይጠይቃል፤ ሱዛን ሰዓቱን ትታ ከአራተኛው የመሳፈሪያ መድረክ እንደሚነሳ ትነግረዋለች። ኦማን ውስጥ ባቡር የለም። በመንደሩ የቆመ ነገር ቢኖር ተራራው፣ የሚሄድ ነገር ቢኖር ፍየሉ ነው። ሙንሲፍ ግን ከቱኒዚያ መጥቶ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ባቡር ሲያስጠብቃቸው ኖሯል። ንግግሩን ያጫውት የነበረው ቴፕ ከነካሴቱ ለጥገና ዕቃ ቤት ከገባ ወዲህ ደግሞ፣ ይኸው ሁለት ዓመት፣ የሱዛንንም ድምፅ የሚያወጣው እሱው ነው፤ አንገቱን ዘመም፣ ድምፁን ቀጠን አድርጎ።

ስልክ ተብሎ ተጠራ። ቢሮ ገብቶ ቢያነሳ ወንድሙ ረዑፍ ነው፣ ከአገሩ ከቀርቀና ደሴት።

"አባባን ላቅርብልህ" አለው። ጥቂት ቆይቶ የአባቱ ትንፋሽ ተሰማ።

"ማነህ አንተ?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

"ኧረ ሙንሲፍ! ድምፅህ ነው። መረቡን አወጣችሁት?"

የዓሣ መረቡ ለመጨረሻ ጊዜ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ረዑፍ ስልኩን መልሶ ተቀበለ። "ፎቶህን ሳሳያቸው 'ይሄ ማነው? ፖሊስ ነው እንዴ?' ይሉኛል። የቀራቸው ድምፅህ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ እሱም ብዙ አይቆይም ብሏል። የምትመጣ ከሆነ አሁን ና። ካልሆነ የምትመጣው ለማያውቅህ ሰው ነው።"

ሙንሲፍ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ልጆች፣ አገሬ ልገባ ነው" አለ።

"ከስንተኛው መድረክ ነው ኡስታዝ?" አለ ከኋላ አንዱ።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከተማሪ የተጠየቀ የመጀመሪያው ትክክለኛ ጥያቄ ይኸው ነበር።

አገር መግባት ክሊራንስ ይፈልጋል። ክሊራንሱ ላይ አሥራ አንድ ፊርማ አለ። አሥሩን በአንድ ቀን ሰበሰበ፤ የላብራቶሪው፣ የስፖርት ክፍሉ፣ በሕይወቱ እግሩ ያልረገጠው የስፌት ክፍል ሳይቀር። አሥራ አንደኛው የዕቃ ቤት ኃላፊው የኸልፋን ፊርማ ነው። ኸልፋን ደግሞ ከሞተ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ሙንሲፍ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

"ቴፑን መልሰዋል፤ አምናለሁ" አለ ዳይሬክተሩ ያዕቁብ መነጽሩን እየጠረገ። "መመለስዎን ማረጋገጥ ያለበት ግን ኃላፊው ነው።"

"ኃላፊው እኮ ሞቷል።"

"አላህ ይማረው። ቢሆንም ሥራውን አላስረከበም።"

"እሺ ሌላ ሰው ይመደብና ይፈርም።"

"ሌላ ሰው የሚመደበው ሟቹ ሲያስረክብ ነው።"

ሙንሲፍ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። "ታዲያ ሟቹን ቅዳሜ ይዤው ልምጣ?"

ያዕቁብ ነገሩን አሰበበት። ቀልድ ነው ብሎ አልጠረጠረም። "አይ" አለ በመጨረሻ፣ "መመሪያው ሌላ መንገድ አለው። የሟች አደራ ወራሽ ባለበት ይከፈታል። ልጁ ሙሐና መርከበኛ ነው፤ የት ባሕር ላይ እንዳለ አይታወቅም። የቀረችው ሚስቱ ናት። ቁልፉም እሷ ዘንድ ነው።"

ሚስቱ ሸምሳ ግን ኢዳ ላይ ናት። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ባዕድ ወንድ አያያትም፤ መንደሩ ደግሞ በዚህ ነገር ዋዛ አያውቅም። አውራ ዶሮዋ እንኳ ለጊዜው ጎረቤት ተልኳል።

በማግሥቱ ሦስት ወንዶች በሸምሳ ቤት በተዘጋው መስኮት ሥር ቆሙ፤ ያዕቁብ፣ ሙንሲፍና የፍየል መኖ የሚያመላልሰው ጎረቤቷ ሱወይድ። ያዕቁብ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ፊት ለፊቱ ለቆመ ግንብ መመሪያውን ከአንቀጽ አንድ ጀምሮ አነበበና በልጇ ስም ጠራት።

"ኡሙ ሙሐና፣ ይሰማል?"

"ይሰማል" አለች ሸምሳ ከውስጥ። "ለምን እንደምትጮህ እንጂ አልገባኝም።"

ቁልፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በመስኮቱ ክፍተት ወደቀ። ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። አሥራ አራት ሉል አለ፣ ጭንቅላት የሌለው የባዮሎጂ አፅም አለ፣ ሁሉም ላይ በኸልፋን ቁም ጽሕፈት ቁጥሩ ተለጥፏል። ቴፕ የለም። ተመልሰው መስኮቱ ሥር ቆሙ።

"ኡሙ ሙሐና፣ ቴፑ የለም" አለ ያዕቁብ ለግንቡ።

የሸምሳ እርምጃ ከመስኮቱ ራቀ። ከቆይታ በኋላ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ፒተር በጠራ እንግሊዝኛ ባቡሩ በስንት ሰዓት እንደሚሄድ ጠየቀ። ከፒተር በኋላ ለተማሪ ተብሎ በተተወው ባዶ ቦታ ሌላ ድምፅ ገባ፤ ጎርነን ያለ፣ ቃል በቃል እየረገጠ የሚሄድ። ኸልፋን ነው። ባቡሩ በስንት ሰዓት እንደሚሄድ ጠየቀ፣ ጉሮሮውን ጠራረገና ደግሞ ጠየቀ።

ሱወይድ "ላ ኢላሀ ኢለላህ" ብሎ መሬት ተቀመጠ።

"ለጥገና ብሎ አመጣው" አለች ሸምሳ። "ጠገነው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከሥራ ሲመለስ ከዚያች ሴት ጋር ሲያወራ ያመሻል። መጀመሪያ ቀንቼባት ነበር። በኋላ ሳይ መልሷ ሁሌ አንድ ነው፤ ያኔ ለእሱ አዘንኩለት። ድምፁንም ቀዳበት። ውሰዱት። የመንግሥት ዕቃ ነው። ሰውየው መቃብር ውስጥ በአደራ እንዲጠየቅብኝ አልፈልግም።"

መስኮቱ ትንሽ ተከፈተ። ሦስቱም ባንድነት ፊታቸውን አዙረው አንዲት ፍየል ላይ አፈጠጡ። ፍየሏ አፍራ ሄደች።

ሙንሲፍ እጁን ዘርግቶ ቴፑን ቢቀበል በሳምንቱ አውሮፕላን ውስጥ ነው። "መረቡን አወጣችሁት?" የሚለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ አለ። እጁን ኪሱ ከተተ።

"እኔ ነኝ የጣልኩት ብለው ይጻፉ" አለ።

"ኡስታዝ! እንደዚያ ከተጻፈ አጣሪ ኮሚቴ ከክልል ይመጣል። ሦስት ወር ይፈጃል። አባትዎስ?"

"ይጻፉ አልኩዎት።"

"አይሆንም!" አለች ሸምሳ ከውስጥ። "የአባትህን ጆሮ ዘርፌ የባሌን ድምፅ አልሰማም።"

"እኔም አልወስድም።"

"ሰውየ፣ ውሰድ ተብለሃል!" አለ ሱወይድ። "ከመበለት ጋር ትጨቃጨቃለህ እንዴ፣ ያውም በመስኮት?"

ያዕቁብ ከብብቱ ሥር የንብረት መዝገቡን አወጣ። ጣቱን እያረጠበ ገጽ ያገላብጥ ጀመር። ሰውየው በዕድሜው ሕግ ጥሶ አያውቅም፤ ሲያጣምምም ያየው የለም። ፀሐዩ ግንቡን ለቆ እስኪሄድ ድረስ አነበበ።

"ቴፕ፣ ቋሚ ዕቃ" አለ። "ይመለሳል።" ሌላ ገጽ ገለጠ። "ካሴት..." ጣቱ መስመሩ ላይ ቆመ። "ካሴት ከጠመኔ ጋር አላቂ ዕቃ ውስጥ ነው የተመዘገበው። ካቻምና አልቋል ተብሎ ተሰርዟል። የለም ማለት ነው።"

"ምን ማለት ነው?" አለች ሸምሳ።

"እጅዎ ላይ ያለው ነገር የለም ማለት ነው። የሌለ ነገር መውሰድ አልችልም።"

ቴፑ ብቻውን ወጣ። ክሊራንሱ በመስኮቱ ክፍተት ገባ፤ በአሥራ አንደኛው ቦታ ላይ የሸምሳ አውራ ጣት አርፎበት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ተመለሰ። ያዕቁብ ማኅተሙን እዚያው ጉልበቱ ላይ መታ።

"አሁን ይሄን ካሴት በምን ልስማው?" አለች ሸምሳ። "በጥርሴ?"

በመንደሩ ካሴት የሚያጫውት ሌላ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የሱወይድ ፒካፕ። ሸምሳ ደግሞ ከቤት አትወጣም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ኢዳዋ እስኪያልቅ ድረስ፣ ከሰዓት በኋላ ካሴቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ በመስኮት ይወጣል፣ ሱወይድ መኪናዋን በኋላ ማርሽ እያስጠጋ መስኮቱ ሥር ያቆማታል፣ በሩን ይከፍታል፣ ራሱ ዞር ይላል። ኸልፋን ባቡሩን ይጠይቃል። መኖው መኪናዋ ጀርባ ላይ ስለሆነ ፍየሎቹም ይሰበሰባሉ። ከመስጊድ የሚወጡ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ቆመው ዱዓ ያደርጉ ነበር፤ በሳምንቱ ግን አብረው ይመልሱለት ጀመር፣ "ከአራተኛው መድረክ ነው ኸልፋን፣ ከአራተኛው!" እያሉ፣ በእንግሊዝኛ። ሙንሲፍ ሻንጣውን እያሰረ ይህን ሰማ። በዘጠኝ ዓመት ያላስተማረውን በዘጠኝ ቀን ተማሩት።

በሁለተኛው ሐሙስ ሱወይድ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያደርሰው መጣ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ፤ ደርሰው ሙንሲፍ ሻንጣውን ሲያወርድም አንዴ።

"ቶሎ በል እንጂ" አለው። "የሸምሳ ሰዓት ሊያልፍብኝ ነው።"

"እኔ እኮ ነኝ የምሄደው።"

"አንተማ ትሄዳለህ። ኸልፋን ነው እንጂ የሚጠብቀኝ።"

ሙንሲፍ ቀርቀና የገባው ዓርብ ረፋድ ላይ ነው። አባቱ በሩ ላይ ፊቱን አይተው "ፖሊስ መጣ" አሉ፤ ሲናገር ግን አወቁት። ለአሥራ ዘጠኝ ቀን በድምፁ አወቁት። በሃያኛው ቀን ድምፁን ሰምተው "ማነህ አንተ?" አሉት።