ማርስ ላይ ያለው ደረቅ ወንዝ

ሌላው ሰው ከሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ቴፕና ካሜራ ያመጣል። መምህር ሞላ ያመጣው አንድ የካርቶን ሰሌዳ፣ አንድ ከረጢት የእንጨት ፍሬና በሩሲያኛ የተጻፈ ወፍራም የጨዋታ ደንብ ነው። ቆቦ ፊዚክስ እንዲያስተምር ተመደበና ከልብስ ስፌት ቤቴ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራየ። ጨዋታው ከሦስት ሰው በታች አይሆንም፤ የተሻለ ሰው ቢያጣ እኔንና እህቴን ዚነትን ጠራን።

"ምንድን ነው ጨዋታው?" አልኩት።

"ማርስ የምትባል ኮከብ ላይ ሰው ማስፈር ነው፣ አያ አራጌ።"

መቀሱ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ወሎ ውስጥ፣ ሰፈራን ለጨዋታ የሚያነሣ ሰው ወይ ከሩቅ የመጣ ነው ወይ ጤና የለውም። የዚነት ባል ይመር በድርቁ ጊዜ በሰፈራ መኪና ወደ መተከል ሄዷል። ያኔ እሷ መጠለያው ውስጥ በተስቦ ተኝታ ነበር፤ "ስትድን ትከተለኛለች" ብሎኝ ተሳፈረ። ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት ናት። ከመተከል ጠፍተው በእግራቸው የመጡ ሰዎች በሕይወት እንዳለ ነግረውናል። እሱ ግን አልመጣም።

አሁን ደግሞ ቀበሌው ባሎቻቸው የሰፈሩባቸውን ሴቶች "መሄድ የምትፈልጉ ተናገሩ" እያለ ነው። ዚነት መልስ አልሰጠችም። እኔ ግን በልቤ መልሼላታለሁ፤ አትሄድም። ድርቁ ያተረፈልኝ እሷን ብቻ ነው። "ይመር ቢፈልግሽ ይመጣ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" እላታለሁ በየጊዜው። አፌ ክፉ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

ሞላን ልቆጣው አፌን ስከፍት ዚነት ቀደመችኝ።

"እዚያ ሰው ምን ይበላል?" አለችው።

ጉዱ የጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው።

እሁድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ ሞላ ሰሌዳውን ዘረጋልን። ምድሩ ቀይ ነው፤ ተራራም ገደልም አለው። ለእያንዳንዳችን ትንንሽ የእንጨት ቤቶችና ሰዎች፣ ለውሃ ሰማያዊ ዶቃ፣ ለአየር ነጭ ዶቃ አደለን። እዚያ አየርም በስፍር ነው አለን። ተራው የደረሰው ሰው አንድ ሥራ ብቻ ይመርጣል፦ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ የመስታወት ቤት ሠርቶ እህል ያበቅላል፣ ወይም ከምድር የጠፈር መርከብ ጠርቶ ሰው ይጨምራል። ሰው ስታበዛ ውሃው ያልቅብሃል፤ ሰው ከሌለህ ደግሞ የሚቆፍርልህ የለም። መርከብ ሳይጠብቅ ቀድሞ ራሱን የቻለ መንደር አሸናፊ ነው። ደንቡ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ሞላ አንዱን ገጽ ተርጉሞ ሲጨርስ የፊተኛውን ረስተነው እናገኘዋለን።

"መጀመሪያ ቤት የምታቆሙበትን ቦታ ምረጡ" አለን።

ከተራራው ሥር ተነሥቶ ሜዳውን የሚያቋርጥ ጠመዝማዛ መስመር አየሁ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው "ደረቅ ወንዝ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምክር አላስፈለገኝም። ቤቶቼን ወንዙ ዳር ደረደርኩ። ዚነትም ከማዶ ደረደረች። ሞላ ደንቡ ላይ አቀርቅሮ ስለነበር አላየንም።

ተራችን ሲደርስ ሁለታችንም ምንም ሳንሠራ አለፍን። እንደገና ሲደርስም አለፍን።

"ምን እየጠበቃችሁ ነው?" አለ ሞላ ግራ ገብቶት።

"ጎርፉን ነዋ!" አልኩት።

"የምን ጎርፍ?"

"መምህር፣ እርስዎ የደሴ ሰው ነዎት፤ አይፈረድብዎትም" አለች ዚነት። "ወንዛችንን ሆርማትን አላዩትም? በጋውን ሙሉ አሸዋ ነው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ደጋው ይዘንብና እያገሳ ከች ይላል። ያኔ ጠልፎ ወደ ማሳ መመለስ ነው። ወንዙ ደረቀ ተብሎ ቤት አይነቀልም።"

ሞላ መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "እዚያ ከዘነበ ስፍር ቁጥር የሌለው ዘመን አልፏል። ወንዙ የድሮ ነው። ጎርፉ አይመጣም።"

በዚያን ቀን ሰዎቻችን በውሃ ጥም አለቁ። እኔ ተናደድኩ፤ ጎርፍ የማይመጣበትን ወንዝ ምን ብለው ይሥሉታል? ዚነት ግን መስመሩን በጣቷ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው።

"እኛም እንዲህ ነው የጠበቅነው" አለች። "ይመር 'ዘንድሮስ ሆርማት ጨክኗል፣ ሳንደክም እንሂድ' ሲለኝ 'ትንሽ ጠብቅ' ያልኩት እኔ ነኝ።"

ይህን ነገር ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

በሚቀጥለው እሁድ ቤቶቿን ከወንዙ አርቃ ተራራው ጥግ ተከለችና ቁፋሮ ጀመረች። እኔ? እኔ እዚያው ደረቁ ወንዝ ዳር። ግትር ነኝ፤ ይህንንም ከተማው ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዋን ማን ይቻለው! አዲስ ሰው ሲወርድ ማን ይቀበለዋል? አፈሩ ማሽላ ያበቅላል? የታመመ ሰው ድርሻው ይቀነስበታል? ሞላ ደንቡ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል፤ አንዳንዱን እሱም አስቦት አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ እየሰፋሁ እኔም ስለዚያ ቀይ አገር ማሰብ ጀመርኩ፤ ለሞላ ግን አልነገርኩትም።

አንድ እሁድ "መመለሻውስ?" አለች።

"የምን መመለሻ?"

"ወደ አገሩ መመለስ የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል?"

ሞላ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠው። የለም። መርከቧ ሰው ታራግፍና ባዶዋን ትሄዳለች።

"ይሄ ደንብ ሳይሆን ወጥመድ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ሞላ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። ለምን እንደዘጋው ለማንኛችንም መንገር አላስፈለገውም።

"የራሳችንን ደንብ እናውጣ" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "ያጠራቀመውን ውሃ የሰጠ አንድ ሰው ይመልስ።"

ለጨዋታው ብዬ አልነበረም። ዚነት ሰው መመለስ እንደሚችል በዓይኗ አይታ፣ 'ቢፈልግ ይመጣ ነበር' ብላ በይመር ተስፋ እንድትቆርጥ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔን የወሰደኝ ግን በገዛ እጄ የቀደድኩት ቦይ ነው።

ሞላ ተስማማ። የዚነት መንደር ያን ጊዜ አምሮበት ነበር፤ ጉድጓዱ ውሃ አውጥቷል፣ የመስታወት ቤቱም እህል ይዟል።

"በይ፣ ዶቃሽ ሞልቷል፤ አንዱን መልሺው" አልኳት።

አንዱን ሰው አነሣችና አየችው፤ ጉድጓድ ቆፋሪው ነው። መልሳ አስቀመጠችው። እህሉን የሚያጠጣውን ነካ አድርጋ ተወችው።

"አያ፣ የትኛውን ላንሣ?"

"የፈለግሽውን! እንጨት እኮ ነው!"

"ይሄ ስንት ለፍቶ ውሃ ያገኘው አሁን ገና ነው። ያኛው ደግሞ ዘርቷል። እሱ ቢነሣ ማን ያጭድለታል?" ቀና ብላ አየችኝ። "ይመር ጠልቶኝ አይደለም የቀረው። ዘርቶ ነው። ያን ድርቅ ያየ ሰው የበቀለ ማሳ ጥሎ አይመጣም። ወላሂ፣ እኔም ብሆን አልመጣም።"

"ሌላ አግብቶ ቢሆንስ?"

"ሄጄ አየዋለሁ። ወንዝ ዳር ተቀምጦ መጠበቅ በቃኝ፣ አያ።"

የምሰድበው አጣሁ። ይመርንም፣ ሞላንም፣ ሩሲያንም ልሰድብ አሰብኩና ተውኩት። ሰው ፊት አለቀስኩ።

በማግስቱ ለቀበሌው ተናገረች። ሁለት ቀሚስ ሰፋሁላት፤ እዚያ ልብስ ሰፊ ይኑር አይኑር ስለማላውቅ ስፌቱን ሁሉ ደራርቤ ሰፋሁት። መኪናው ሲነሣ "አላህ ያገናኘን" አለችኝ፤ እኔ "አሚን" አልኩ። መኪናው ወደ ሮቢት አቅጣጫ ሄዶ ከዓይኔ ጠፋ።

ሦስተኛ ሰው ስለሚያስፈልግ ሞላ የጤና ጣቢያውን ሠራተኛ አባይን አመጣ። አባይ ብልጥ ተጫዋች ነው፤ ገና በመጀመሪያው እሁድ ቤቶቼን አይቶ ሳቀ።

"አያ አራጌ፣ ምነው ደረቅ ወንዝ ላይ? ጎርፍ እኮ አይመጣም!"

"ጎርፉንማ ትቼዋለሁ" አልኩት። "ዚነት ቤቴን የምታውቀው እዚህ ነው። ካነሣሁት፣ የመጣች ቀን የት ብላ ታገኘኛለች?"