ጭንቅላቱን ለውሻው

በግ አንገቱን አጣሞ ሲዞር ባየች ቁጥር የሰምጂድ ደም ይፈላል። አዙሪት የሚባለው የበግ በሽታ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሞንጎሊያ ሜዳ ላይ እሷንና ልጇን ያቆማቸው መንጋው ብቻ ነው፤ እሱም እየዞረ እየወደቀ እያለቀባት ነው።

የሚያናድዳት በሽታውን የሚያመጣው ትል አይደለም። ትል ምን ያድርግ፣ መኖር ይፈልጋል። ውሻ የታመመ በግ አንጎል ሲበላ ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፤ ውሻው ሣሩ ላይ ይጸዳዳል፤ ሣሩን የጋጠ በግ አንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይወጣበታል። አምና የእንስሳት ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳ የባሏ አባት አቶ ሻራቭም ነበሩ። እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። በማግስቱ ያረዷትን የታመመች በግ ጭንቅላት ፈልጠው ለውሻቸው ለባሳር ሰጡት።

"አባባ፣ ይቀበር አልተባለም?"

"መሬት መቆፈር ነውር ነው። ምድር ትቆስላለች።"

"እሺ ይቃጠል።"

"አጥንት ከትተሽ እሳቴን ልታረክሺ?"

"አይቀበር፣ አይቃጠል፣ ውሻ ይብላው። እኛንስ ማን ይብላን?"

"ምላስሽ ረዝሟል፣ ልጄ።"

"በጎቼ ሲያልቁ ይረዝማል።"

ዘንድሮ መንጋውን የምትመራው በግ መዞር ስትጀምር ሰምጂድ ትዕግሥቷ አለቀ። ሽማግሌው አርደዋት ገፈው ሳይጨርሱ ጭንቅላቷን ከእጃቸው ነጠቀች። ቤቱ ዶማ የለም፤ የፈረስ ማሰሪያውን የብረት ካስማ ነቅላ መቆፈር ጀመረች።

"ምድር ትቆጣለች" አሉ።

"ትቆጣ። እኔ ከአምና ጀምሮ ተቆጥቻለሁ፣ ማን ሰማኝ?"

ከዚያን ቀን ወዲህ ከእጇ ሻይ አልጠጡም።

ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው ወተት እያጠጡ ያሳደጉት ጠቦት መዞር ጀመረ። ሰምጂድ ከሩቅ ታያቸዋለች፦ ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ያቃኑታል፤ ሲለቁት ተመልሶ ይዞራል። ይህን ሲያደርጉ ዋሉ። በመጨረሻ አረዱት፤ ጭንቅላቱን በጨርቅ ጠቅልለው ድንኳኗ ደጃፍ መጡ። ባሳር ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል።

"ልጄ፣ ቅበሪልኝ።"

"አልቀብርም። ካስማው ያውልዎት።"

"የት ልቆፍር?"

"ከኔዋ በግ ጭንቅላት አጠገብ። ጠለቅ ያድርጉት፣ ውሻው እንዳያወጣው።"

ሽማግሌው ተንበርክከው ምድርን ይቅርታ እየለመኑ ቆፈሩ። ሰምጂድ ባሳርን አንገቱን ይዛ ቆመች። አላገዘቻቸውም፤ አላዘነችላቸውምም። አምና በተነገራቸው ቀን እንዲህ ተንበርክከው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምትጠብቀው ሙሉ መንጋ ይኖራት ነበር።