«አማረኝ» እና «ቁረጪልኝ»

ቆራጯ ጠመኔውን ጨርቁ ላይ እንዳሳረፈች ቆመች። ፊት ለፊቷ ታናሽ እህቷ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሳ የካፖርት እጅጌ ትገጥማለች፤ እግሯ ይረግጣል፣ ከንፈሯ ግን ሌላ ሥራ ይዟል። ግድግዳው ላይ፣ ከወረቀት ልኮቹ ጎን፣ ከስልኳ አውጥታ ያሳተመቻቸው የመጽሐፍ ገጾች በመርፌ ቁልፍ ተሰክተዋል። አንድ እጅጌ ስትጨርስ አንድ አንቀጽ ታነባለች።

«የሰው እጅጌ ገልብጠሽ እንዳትሰፊ፣ ዶክተር።»

«ብገለብጥም ዛሬን ቻይኝ፣ እትዬ። ከሰዓት በኋላ ይለይልኛል።»

ሰፊዋ ትምህርቷን ያቋረጠችው ገና በልጅነቷ ነው። ልትገባበት የምትፈልገው ኮሌጅ እንደ እሷ ያለውን ሰው የሚቀበለው የኢኮኖሚክስ መግቢያ ትምህርትን በቃል ፈተና ካለፈ ብቻ ነበር፤ የሚፈቀደውም ሁለት ሙከራ ነው። አንዱን አምና ወድቃበታለች። መጽሐፉ በነጻ የሚገኝ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ማንም ይቅዳው፣ ያካፍለው፣ ያርመው ይላል። ያኔ ቆራጯ «በነጻ የሚሰጥ ነገር መጨረሻው አያምርም» ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ እህቷ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብባ ስትጨርሰው አየች። በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ የመጽሐፉን የዋጋና የፍላጎት መስመር በጠመኔ እያሰመረች፣ ስትሳሳት በመዳፏ እያጠፋች። ቆራጯ በልቧ ታደንቃት ነበር፤ በአፏ ግን ዶክተር እያለች ትቀልዳለች።

ከሰዓት በኋላ እህቷ ለፈተና ስትገባ፣ ቆራጯ ኮሌጁ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የፈተናው ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

«ፍላጎት ማለት ምን ማለት ነው?» አለ የመምህሩ ድምፅ።

ቆራጯ ጆሮዋን ወደ በሩ አዘነበለች። አምና እህቷን የጣላት ይኸው ጥያቄ ነው። «ሰው የሚመኘው ሁሉ» ብላ ነበር የመለሰችው።



«መጽሐፉ ሁለት ነገር በአንድ ስም ይጠራል» አለች ሰፊዋ። «ምዕራፍ አንድ ላይ ፍላጎት ምኞት ነው፤ ማለቂያ የለውም። ምዕራፍ ሦስት ላይ ሌላ ነው። እኛ ቤት ሁለት ቃል አለን። ደንበኛ ጨርቁን ዳብሳ ‹አማረኝ› ትላለች፤ እሱ ምኞት ነው። ዋጋውን ሰምታ ‹ቁረጪልኝ› ካለች ግን ፍላጎት እሱ ነው። መቀስ ከገባ ወዲያ መመለስ የለም።»

«ዋጋው ቢወርድስ?»

«‹ቁረጪልኝ› የሚለው ሰው ይበዛል። እሱ እዚያው መስመር ላይ ወረድ ማለት ነው። ብርድ ገብቶ በድሮው ዋጋ ብዙ ሰው ከመጣ ግን፣ ያኔ መስመሩ ራሱ ቦታውን ይለቃል።»

«ይህንን ከየት አገኙት? መጽሐፉ ላይ የለም።»

«የእህቴ ነው። ‹አማረኝ›ን ሰምታ ቆርጣ አታውቅም። ሠላሳ ዓመት።»

ወረቀት ተገለበጠ፤ ብዕር ሲሄድ ተሰማ።

«ሰኞ ትምህርት ይጀምራሉ» አለ መምህሩ። «ይህንን ደግሞ ምዕራፍ ሦስት ላይ እንጨምረዋለን፤ መጽሐፉ ለማንም ክፍት የሆነው ለዚህ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንዳንድ ሰው ‹ቁረጪልኝ› ብሎም ይጸጸታል። እህትዎ እሱን እንዴት ነው የሚለዩት?»

«እኔም አላውቅም። ውጭ ናት፤ ይጠይቋት።»

በሩ ተከፈተ፤ መምህሩ «ይግቡ» ብሎ ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት። ቆራጯ ተነሥታ ቀሚሷ ላይ የቀረውን ክር አራገፈች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። የእህቷን ፊት አየች፤ ቀልድ አልነበረበትም።

«የማይጸጸቱት ጨርቁን መዳበስ ይተዋሉ» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ ስለ ቁልፉ መጠየቅ ይጀምራሉ።»

መምህሩ ጻፈው፤ ቀና ሳይልም፣ «ስለ ቁልፉ ምን ብለው?» አላት።

ቆራጯ ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።