ቃል የሌለው ለቅሶ

ንግሥቴ ልጇን ፍለጋ ከቡሬ ገጠር ተነስታ ፍኖተ ሰላም ስትገባ የሚያሳድራት ዘመድ አልነበራትም። የምታውቀው ሰው ሜላት ብቻ ነበረች። ሜላት የደሴ ልጅ ናት፤ በነንግሥቴ ቀበሌ ስታስተምር ቆይታ ወደ ከተማው ከተዛወረች ወዲህ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ንግሥቴን በሯ ላይ ቆማ ስታያት ምንም ሳትጠይቅ አልጋዋን ለቀቀችላት።

ልጇ ጌታሁን በርበሬ ሊሸጥ ወደ ደምበጫ የወጣው መንገዱ በተዘጋ ሰሞን ነው። በዚያው ቀረ። አየሁት ያለ የለም፤ ሞቷል ያለም የለም። ዘመዶቿ፣ "ቁርጥሽን እወቂና እናልቅስለት፤ ፍትሐቱም ይድረሰው" ቢሏት፣ "በቁሙ ልትቀብሩት ነው?" ብላ ከቤቷ አስወጣቻቸው። ከዚያ ወዲህ እንባ እንዳያመልጣት ትጠነቀቃለች። ያለቀሰች ቀን ልጇ የሚሞት ይመስላታል።

ሆስፒታሉን፣ ፖሊስ ጣቢያውን፣ መናኸሪያውን እየዞረች ጠየቀች። የሚያውቅላት ጠፋ። እያደር እህል አልወርድ አላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ አግዷት ቤት ዋለች። ሜላት ፈተና እያረመች ስልኳ ላይ ሙዚቃ ከፈተች። ንግሥቴ የምታውቀው መሰንቆና ዋሽንት፣ የቤተ ክርስቲያኑንም ከበሮ ነው። ይሄ ግን ሌላ ሆነባት። መሰንቆ መሰንቆ የሚሉ ብዙ ድምፆች አንድ ላይ ቀስ ብለው ተነሱ፤ እየተነሱም ሄዱ።

"ማን ሞቶባቸው ነው?" አለች።

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ ንግሥቴ። የፈረንጅ ሙዚቃ ነው፤ ቫዮሊን ነው የሚጫወቱት።"

"ዘፋኙስ?"

"ዘፋኝ የለውም። ቃልም የለው።"

ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ሥር አንድ ወፍራም ድምፅ ገባ። ይጀምርና ያቆማል፤ ደግሞ ይጀምራል፤ ሊናገር ፈልጎ አንደበቱ የተያዘበት ሰው ይመስላል። ንግሥቴ ደረቷ ውስጥ አንዳች ነገር ሲላቀቅ ታወቃት።

"ዝጊው!" ብላ ጮኸች።

ሜላት ደንግጣ ዘጋችው። ጸጥታው ባሰባት። ንግሥቴ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና፣ "ምነው ዘጋሽው? ክፈቺው! አፈር ስሆን፣ ክፈቺው!" አለች። ሲከፈት ወለሉ ላይ ተደፋች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ሜላት አጠገቧ ተቀመጠች።

"ሰው ሞተ ቢለኝ ውሸትህን ነው እለው ነበር" አለች ንግሥቴ ትንፋሿ ሲመለስ። "ይሄ ምንም አላለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?"

በማግሥቱ ሜላት ፈቃድ ጠይቃ አብራት ወጣች። መናኸሪያው ውስጥ በደምበጫ መስመር የሚሠራ ሹፌር አገኙ።

"ምን ዓይነት ልጅ ነው፣ እናቴ?" አላት።

"ረጅም ነበረ" አለች ንግሥቴ። "ሳቂታ ነበረ..."

ያለችው ገና አሁን ተሰማት። "ነው" አለች ቶሎ ብላ። "ረጅም ነው። ሳቂታ ነው።" ሹፌሩ አላየሁትም ብሎ ሲመልስላት አላዳመጠችም። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

"ወደ ቤት ልመልስዎት፣ እትዬ?" አለች ሜላት ብብቷን ደግፋ።

የቡሬው ሚኒባስ ሲሞላ ሜላት አሳፍራት አብራት ገባች። ንግሥቴ ግን እስከ ቡሬ ድረስ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ተደግፋ፣ በመንገዱ ዳር የሚሄደውን ጎልማሳ ሁሉ ፊት ፊቱን እያየች ሄደች።