ሰማያዊ ራስ ያላት ስፒል

ለመላው የአጣሪ ኮሚሽኑ ሠራተኞች፣ ለክቡራን አማካሪዎች፣ እንዲሁም ለጥበቃና ለጽዳት ክፍል በሙሉ! ከዛሬ ሰኞ ጀምሮ በኮሚሽኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ስፒል በወረቀት ላይ ተሰክቶ መገኘቱ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ያከተመ መሆኑን የምናበስረው በታላቅ የኃላፊነት ስሜት ነው።

ማስታወቂያው ሁለት ፊርማና ሦስት ማኅተም አርፎበት በየበሩ ተለጠፈ። ማጣበቂያ ስላለቀ የመጨረሻው ግልባጭ በስፒል ተሰካ።

የክልከላው ምክንያት በኪራይ የመጣው ስካነር ነበር። በሁለተኛው ቀኑ አንዲት ስፒል ውጦ ሥራ አቆመ፤ ባለሙያ ተጠርቶ ሆዱን እስኪከፍተው ድረስም ኮሚሽኑ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የገበያ አዳራሹ ምሰሶ ተሰንጥቋል ብሎ የጮኸ ሰው የዚህን ማሽን ያህል ሰሚ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ጣሪያው ባልወደቀ፣ ዘጠኝ ሰው ባልሞተ፣ ኮሚሽኑም ባልተቋቋመ ነበር። ግን ነገሩ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መንግሥት ከአራት ወር በኋላ ነቅቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ ስንጥቁን ማን ያውቅ ነበር፣ ያወቀውስ ለማን ተናገረ? ለዚህች አንዲት ጥያቄ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል ተሰበሰበ።

ፋይሎቹን የተረከበው ጡረታ ሊወጣ አሥር ወር የቀረው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። ከማስታወቂያው ቀን ጀምሮ ስሙ ቀርቶ አባ ስፒል ሆነ፤ ምክንያቱም ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ፋይል ስፒል የነቀለው እሱ ነው። በአንድ እጁ ወረቀቱን ጫን፣ በሌላው ስፒሏን ሳብ፣ ወደ ጣሳው ጠብ። ከዚያ በየገጹ ግርጌ ቁጥር ይመታል፤ ስካነሩ ላይ ለተቀመጠችው ልጅ ያቀብላል፤ ስትመልስለት መደርደሪያ ላይ አስገብቶ በትልቁ መዝገብ ይጽፋል። ማን እንዳመጣው ያልታወቀ፣ ቀንና ስም የሌለው ቁራጭ ሲያጋጥም ደግሞ «ምንጩ ያልታወቀ» የሚል ወደተጻፈበት ግራጫ ሣጥን ይገባል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለአዲስ ሠራተኛ የሚያስተምረው አንድ ትምህርት ነበር። «ስሚኝ ልጄ፣ ያልተመዘገበ ነገር አልተደረገም» አላት ለስካነሯ ልጅም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምሳ በልተዋል?»

«በልቻለሁ።»

«መዝገብዎ ላይ ግን የለም» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ያን ጊዜ ገና ይስቅ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት መጣች። ጣቷ ላይ ያጠለቀችውን የልብስ ሰፊ ጣት መከለያ ማውለቅ ረስታለች። ጣሪያው ወድቆበት የሞተው የአዳራሹ ዘበኛ ሚስት ነበረች። በጎብኚዎች መዝገብ ስሟን፣ ሰዓቱንና ጉዳይዋን ጽፎ አስፈረማትና ወንበር ሰጣት።

«የገበያ አዳራሹ አስተዳዳሪ ትናንት ለኮሚሽኑ ምን እንዳሉ ሰምተዋል ጋሼ? ዘበኛው አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም አሉ። የወር ሪፖርቱንም አውጥተው አሳዩ። ሁሉም ሰላም ነው ይላል።»

«ፊርማው የማን ነው?»

«የባሌ ነው። ግን ሁሉም ሰላም ነው የሚለው እኮ ቅጹ ላይ ታትሞ የመጣ ነው! ሌላ ነገር መጻፊያ ቦታ የት አለውና? ስለዚህ ከልጃችን የሒሳብ ደብተር አንድ ካሬ ወረቀት ገነጠለና ምሰሶው ተሰንጥቋል ብሎ ጻፈ፤ ከሪፖርቱ ጋር አያያዘና ሰጠ። ሲያያይዝ ዓይኔ እያየ ነው። ከመርፌ ትራሴ ላይ ነው ስፒሏን የነጠቀኝ። ሰማያዊ ራስ ያላትን። ቀሚስ ልኬ ልሰካ ስል፣ ሂድ ከዚህ ብዬ ሰደብኩት። የመጨረሻ ቃሌ ስድቡ ነው ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ኖሯል። ግን እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።»

አባ ስፒል እጁ ወደ ኮቱ ክፈፍ ሄደ። ባዶ ነበር። ሰማያዊ ራስ! ያችን ስፒል አስታውሷታል። ከዛጉት ስፒሎች መሃል እንደ ፍሬ አብርታ ዓይኑ ገባችና ወደ ጣሳው መጣሉ አሳዝኖት ክፈፉ ውስጥ ሰክቷት ነበር። ከመንግሥት ቤት ይዞ የወጣው ብቸኛ ንብረት ያ ነው። ግን ከየትኛው ወረቀት እንደነቀላት አላስታወሰም። በዚያን ቀን ብቻ ሃምሳ ሦስት ፋይል ነቅሏል።

«እፈልጋለሁ እኅቴ፤ ነገ ተመለሽ» አላት።

ሴትየዋ እንደወጣች ግራጫውን ሣጥን ከፈተ። ካሬው ወረቀት ከታች አራተኛ ሆኖ ተኝቷል፦ «ለአስተዳዳሪው። ሦስተኛው ምሰሶ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ሲነጋ ይንቋቋል። እባክዎ መጥተው ይዩት።» ቀን የለው፣ ስም የለው። ቀኑና ስሙ፣ የተቀባዩም ማኅተም ሪፖርቱ ላይ ነበሩና ለምን ይድገመው? ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው ስፒሏ ነች፤ የለያያቸውም እሱ ነው።

በምሳ ሰዓት ቤቱ ገባ። ሚስቱ ስፒሏን ከኮቱ ነቅላ በወጥ ቤቱ መጋረጃ ጠርዝ ላይ ሰክታት ነበር። ወንበር ላይ ወጥቶ ሲነቅላት መጋረጃው ግማሹ ተንጠለጠለ።

«አንተ ሰው፣ ቢሮህ ስፒል አጥቶ ነው ቤቴን የምታፈርሰው? አንድ ጣሳ ሙሉ አለን ትል አልነበር?»

«ይህቺ የሰው ነች።»

«የሰው ከሆነች ለምን አመጣሃት?»

ምሳውን ሳይበላ ወጣ።

መዝገብ ቤት ተመልሶ የዘበኛውን ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ ጥግ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ ካሬው ወረቀት ላይም ሁለት። አንዱን በአንዱ ላይ ቢያስተኛው ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ልክ እንደተሰፋ ልብስ ገጠመ። ስፒሏም ሳትገፋ ገባች። የተቀባይ ማኅተሙ ቀን ጣሪያው ከመውደቁ አሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው። ዘበኛው ተናግሯል። ለማን እንደተናገረም ታውቋል።

በዚህ መሃል የኮሚሽኑ ጸሐፊ በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ።

«ምነው ጋሼ፣ ላብ አጠመቀዎት? የተገኘ ነገር አለ?»

ያን ጊዜ «ና እስቲ እይ፤ ተሳስቻለሁ» ቢለው ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ጸሐፊው ቀዳዳዎቹን በዓይኑ ያያል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ትፈርማለች፣ የዘበኛው ስም ነፃ ይወጣል፣ አባ ስፒል ደግሞ ከጡረታው በፊት አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይበላል። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ወረቀት ያልጠፋበት ሰው «ተሳስቻለሁ» ማለትን አፉ አልለመደውም። ምላሱ ለራሱ ወሰነ።

«ምንም የለም» አለ።

ጸሐፊው ሄደ። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዲሉ፣ አንዴ ምንም የለም ያለ ሰው ዳግመኛ አለ ማለት ይከብደዋልና ፋይሉን ከነካሬ ወረቀቱ፣ ከነስፒሉ መደርደሪያው ላይ መለሰው። በልቡ የነበረው ቀላል ነው፦ ሴትየዋ አቤት ትላለች፣ ኮሚሽኑ ፋይሉን ያስወጣል፣ ወረቀቷም ድሮም እዚያው እንደነበረች ሆና ትገኛለች። ማን ነቀላት፣ ማን መለሳት የሚል አይኖርም። በትልቁ መዝገብ ላይ አልጻፈውም። በሕይወቱ ሆን ብሎ ሳይመዘግብ ያደረገው ያንን ብቻ ነው።

በማግስቱ ለሴትየዋ «ለኮሚሽኑ አመልክቺ፤ ፋይሉ ይውጣ በይ» አላት። ሁለቱን እጆቹን ይዛ መረቀችው። ምርቃቱ እንደ ጉንዳን ወረረው።

ፋይሉ በሦስተኛው ቀን በሰብሳቢዋ ፊት ቀረበ። የአስተዳዳሪው ጠበቃ ዋናውን ከስካነሩ ቅጂ ጋር አስተያየ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ እንደገና አደረገ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ከስድስት ሳምንት በፊት በተነሣው ቅጂ ላይ ይህ ካሬ ወረቀት የለም። ዛሬ ግን በባለቀለም ስፒል ተሰክቶ አለ፤ ስፒል በተከለከለበት ቤት! ከዚያ ወዲህ መዝገብ ቤት የገባ እንግዳ ማን ነው?»

የጎብኚዎች መዝገብ መጣ። ስም፣ ሰዓት፣ ጉዳይ፤ አባ ስፒል በሚያምር እጅ ጽሑፉ የከተበው። ከዚያ ወዲህ የገባችው አንዲት ሴት ብቻ ነች፤ ሙያዋም ልብስ ሰፊ። አዳራሹ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ወደ አባ ስፒል ዞረች።

ተነሣ። አፉ ዘግይቶም ቢሆን ተከፈተ። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። የነቀልኩትም እኔ፣ የመለስኩትም እኔ» አለና የሆነውን ሁሉ እስከ ወጥ ቤቱ መጋረጃ ድረስ ተናገረ።

ሰብሳቢዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። «እናምንዎት ይሆናል፤ ግን ሲነቅሉ መዝግበዋል?» አለችው።

«አልመዘገብኩም።»

«ሲመልሱትስ?»

«አልመዘገብኩም። ቀዳዳዎቹን ይዩልኝ እንጂ፣ ይገጥማሉ።»

ጠበቃው ፈገግ አለ። «ቀዳዳ የሚሠራው ስፒል ነው፤ ስፒሉን የሰኩት እርስዎ ነዎት። ዘበኛው ጽፎት ይሆናል እንበል። ሰጠ ወይስ ቤቱ ቀረ? ይህን የሚያውቀው ስፒሉ ብቻ ነበር። ክብርት ሰብሳቢ፣ ያልተመዘገበ ነገር አልተደረገም። በኮሚሽኑ የሥራ መመሪያ ገጽ ሁለት ላይ ያለ ነው።»

ገጽ ሁለትን የጻፈው አባ ስፒል ነበር።

ካሬው ወረቀት ተቀባይነት አጥቶ ወደ ግራጫው ሣጥን ተመለሰ። ስፒሏ ግን በላስቲክ ታሽጋ የራሷ ቁጥር ተሰጣት፤ አራት ሺህ አንድ መቶ ሰባት። ኮሪደሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ ስታልፍ ቆመች። ትሰድበኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ባትሰድበኝ ብሎም ሲፈራ፣ «ስፒሏን እንኳ አይመልሱልኝም?» አለችው። አይሆንም ለማለት ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሄደች።

በዚያው ሳምንት ሰባት ገጽ ማብራሪያ ጽፎ ለመዝገብ ቤት ገቢ አደረገ። የስካነሯ ልጅ ገጾቹን አገላብጣ አንገቷን ደፋች።

«ጋሼ… ሸኚ ደብዳቤ የለውም። ማን እንደላከውም አይልም። በዚህ ከመጣ ወደ ግራጫው ሣጥን ነው የሚገባው። ደንቡን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ገቢ አድርጊው ልጄ» አላት።

«ሸኚ ደብዳቤ በእርስዎ ስም ጽፌ ላስገባው እንዴ? ማንም አያይም።»

«አታስገቢ!» ብሎ ጮኸባት፤ ወዲያው ደግሞ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «እንዲህ ያለ ነገር እንዳታደርጊ። ማንም አያይም ብለሽ እንዳታደርጊ።»

የኮሚሽኑ ሪፖርት በወሩ መጨረሻ ተጠናቀቀ። ስድስት መቶ ገጽ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚባለው፣ ገጽ አርባ ላይ «የጥበቃ ሠራተኛው ሁሉም ሰላም ነው ሲል በፊርማው በማረጋገጡ አስተዳደሩ አደጋውን ሊያውቅ አልቻለም» ይላል። ወደ ማተሚያ ቤት ለመሄድ የቀረው አንድ ቅጽ ነበር። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ከፍቶ ለአባ ስፒል ይዞለት መጣ።

«እዚህ ጋ ብቻ ነው ጋሼ። እንኳን ደስ አለን፣ ተገላገልን!»

ቅጹ ታትሞ የመጣ ነው። «እኔ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ የተረከብኳቸው ሰነዶች በሙሉ እንደተረከብኳቸው ተጠብቀው መቆየታቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል። ሌላ ነገር መጻፊያ ቦታ የለውም። አባ ስፒል ቅጹን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ መልሶ ገለበጠው፤ ወደ ጸሐፊው ገፋው።

«አልፈርምም።»

«ኧረ ቀልዱን ይተዉ! ያለዚህ ፊርማ ሪፖርቱ አይታተምም እኮ።»

«አውቃለሁ። አልፈርምም።»

«እሺ፣ ምክንያትዎን በጽሑፍ ይስጡኝና ላቅርብ።»

«ሰባት ገጽ ሰጥቻለሁ። ሌላ አልሰጥም።»

«በቃልስ?»

«በቃልም።»

ጸሐፊው ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ታዲያ ሰብሳቢዋ ለምን ብላ ብትጠይቀኝ ምን ልበል?»

አባ ስፒል ትልቁን መዝገብ ሳበ፣ ቀኑን በሚያምር እጅ ጽሑፉ ጻፈ፣ ከፊት ለፊቱም «አልፈረምኩም» ብሎ ከተበ።

«ጠየቅኩት፣ አልናገርም አለኝ በላት።»