ለከርሞ የተላለፈው መመሪያ

መርሃዊት የአንድ ብስኩት ፋብሪካ አክሲዮን ማኅበር የቦርድ ጸሐፊ ነበረች። ፋብሪካው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ዋና ቢሮው ግን ካዛንቺስ። ከሦስት ሺህ በላይ ባለአክሲዮን አለው፤ አብዛኛው ጡረተኛና አነስተኛ ነጋዴ ነው።

የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በዚያ ዓመት ሊያወጣቸው ካቀዳቸው መመሪያዎች አንዱ፣ አክሲዮን ለሕዝብ የሸጠ ኩባንያ ከባድ ጉዳት ሲደርስበት በሦስት ቀን ውስጥ በይፋ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ነበር። መርሃዊት ረቂቁን ደጋግማ አንብባ፣ የማስታወቂያውን ቅጽ ሳይቀር አዘጋጅታ ትጠብቅ ነበር።

ጥር ላይ እሳት ተነስቶ የፋብሪካውን ትልቁን ምድጃ በላው። ሰው አልተጎዳም፤ ምርቱ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። መርሃዊት በማግስቱ ማስታወቂያውን ጽፋ ለቦርዱ ሰብሳቢ ለአቶ ፍሰሃ ይዛ ገባች። እሳቸው ሌላ ወረቀት ይዘው ጠበቋት። ተቆጣጣሪው ዕቅዱን ከልሶ መመሪያውን ለከርሞ አስተላልፎታል።

«በቃ፣ ተገላገልን» አሉ። «አዲስ ምድጃ እስክንተክል ዝም እንበል። የሚያስገድደን የለም።»

«አክሲዮን እየሸጥን እኮ ነው፣ አቶ ፍሰሃ።»

«ሕጉ ሲመጣ እናከብራለን። ሳይመጣ ምን አስቸኮለሽ?»

ማስታወቂያዋን አጣጥፋ ወጣች።

በሳምንቱ ጋሽ ኃይለገብርኤል መጡ። ላንቻ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ተጨማሪ አክሲዮን ሊገዙ ነበር። ፎርሙን ሞልተው ሊፈርሙ ሲሉ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ፋብሪካችን ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው» አለች። እሳቸውም ፈርመው ከፈሉ።

ወር ሳይሞላ ከሠራተኞቹ ግማሹ ፈቃድ ውጡ ተባሉና ነገሩ አደባባይ ወጣ። ጋሽ ኃይለገብርኤል ተመልሰው መጡ። አልጮሁም። ወንበር ስትስብላቸውም አልተቀመጡም።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ማለቴ... መመሪያው ስለተላለፈ የመናገር ግዴታ አልነበረብንም።»

«እኔ መች መመሪያውን ጠየቅኩ? የጠየቅኩት አንቺን ነው።»

ይህን ብለው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርሃዊት ራሷን በሕግ ለማጽናናት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ጠቅላላ ጉባኤው መስቀል ፍላወር፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተጠራ። አቶ ፍሰሃ በሪፖርታቸው እሳቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉት። ያኔ መርሃዊት ቃለ ጉባኤ ከምትይዝበት ወንበር ተነሳች። እሳቱ የተነሳበትን ቀን፣ ዝም የተባለበትን ምክንያት፣ ከዚያ ወዲህ አክሲዮን የገዙትን ሰዎች ብዛት ተናገረች።

«ለአንዳንዶቻችሁ ደህና ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ራሴ ነኝ» አለች።

አዳራሹ ተናወጠ። ከረጅም ጭቅጭቅ በኋላ፣ ከእሳቱ ወዲህ የገዙ ሰዎች ከፈለጉ ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። አቶ ፍሰሃ ከሰብሳቢነታቸው አልወረዱም። መርሃዊት ግን በአሥራ አምስተኛው ቀን የስንብት ደብዳቤ ደረሳት።

ሰኔ ላይ ስታዲየም ታክሲ ተሰልፋ ጋሽ ኃይለገብርኤልን አየቻቸው። ገንዘባቸውን መልሰው መውሰዳቸውን ሰምታለች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚሰጥ ያለ የጨዋ ሰላምታ ሰጥተዋት ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄዱ።