እናቴ ያልተቃወመችው ዓረፍተ ነገር

አጎቴ ለልዩ እትም የመጽሔታችንን ታሪክ እንዲጽፍ ሲጠየቅ መጀመሪያ ያለው «ከማን ጋር?» ነበር።

የፍልስፍና መጽሔቱን እሱና ታላቅ እህቱ፣ ማለትም እናቴ፣ የጀመሩት ሁለቱም ሌላ ሥራ ላይ እያሉ ነው። እሱ ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ እሷ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ ሰው፣ ልብስ ሰፊውም ነርሷም፣ አውቶቡስ እየጠበቀ የሚያነበው እንዲሆን ፈለጉ። አሠራራቸው ለየት ያለ ነበር። ጽፎ የሚመጣ የለም። ፊት ለፊት በተገጠሙ ሁለት ጠረጴዛዎች ተቀምጠው አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይቃወማል፤ ከጭቅጭቁ የተረፈው ብቻ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። እናቴ ካዛጋች አንቀጹ ይሰረዛል፤ ይግባኝ የለም። ከጽሑፎቹ ሥር ስም አይወጣም ነበር። ከሁለት አፍ የወጣ ነገር ላይ ማን ይፈርማል?

ከዚያ አባቴን ስትሮክ መታውና ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለ። እናቴ ወንድሞቹ ወዳሉበት ሩቅ ከተማ ይዛው ሄደች። እኔ ቀረሁ፤ የመጽሔቱን ገጾች የማቀናብረው እኔ ነኝ። አጎቴም ብቻውን እየተናገረ ብቻውን መጻፍ ጀመረ። አንድ ቀን የቆየ አንባቢያችን፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሹፌር፣ ቢሮ ድረስ መጥቶ እትሙን ከገዛ በኋላ በሩ ላይ ቆመ።

«ቅር እንዳይልህ እንጂ፣ ድሮ መጽሔታችሁ ከእኔ ጋር ያስብ ነበር። አሁን ያስተምረኛል» አለው።

አጎቴ አመስግኖ ሸኘው። ምሳውን ሳይነካው ዋለ።

ለልዩ እትሙ የሚሆነውን ታሪክ እንደምንም ጨረሰና አንድ ከሰዓት ለእናቴ ደወለ። ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እታለም፣ ላነብልሽ ነው። እንዳታዝኚልኝ።»

«አንብባ፣ ፈላስፋው።»

አነበበ። ከወዲያ የሳህን ድምፅና የአባቴ ሳል ይሰማል። ሲጨርስ እናቴ «ጥሩ ነው» አለች።

«ጥሩ ነው ማለት?»

«ጥሩ ነው ማለት ጥሩ ነው። ምን ልበልህ?»

«መሐሉ ውሃ ያነሳል?»

«ያነሳል፣ ያነሳል። በርታ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ያቺን «በርታ» እንደ ስድብ ይደጋግማት ነበር። ዕድሜ ልኳን «አንተ ደረቅ» ስትለው የኖረች ሴት በርታ አለችው፤ የጎረቤት ልጅ ለፈተና ሲሄድ እንደሚባለው።

በማግስቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ሰጠኝ። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ የወጣውን ጥያቄ፣ «ሰው ብቻውን ሲሆን ጨዋ የሚሆነው ለማን ብሎ ነው?» የሚለውን፣ ያመነጨው እሱ መሆኑን ይናገራል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእማ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ይሄን ሰምታ ዝም ካለች እህቴ አይደለችም።» ስልኩን እያነሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዴ ትስደበኝ፤ ይበቃኛል።»

ዓረፍተ ነገሩን ለእሷ ቀስ ብሎ አነበበላት። አጎቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሊመልስላት አፉን ከፈት አድርጎ ይጠብቃል።

«እውነት ነው» አለች እናቴ። «ያንተ ነበር።»

ማታ ከቤት ደወልኩላት። «እማ፣ ለምን ዋሸሽ?»

«አንቺ ደግሞ መርማሪ ሆንሽ?» ሳቀች፤ ሳቁ ግን አልገፋም። «አንዴ ‹ውሸታም› ካልኩት እንጀምራለን። ሌሊቱን መልስ ሳወጣ ሳወርድ አድራለሁ። ከዚያ ወደ እናንተ ለመመለስ ሻንጣ መፈለግ ነው የሚቀረኝ። አባትሽን ማን ያገላብጠዋል?»

ከጀርባዋ አባቴ ሲያስል ሰማሁ።

«ድምፁን ስሰማ ምላሴን ነክሼ ነው የምቀመጠው» አለች። «ሆድ ይፍጀው፤ እንዳትነግሪው።»

ጠዋት አጎቴ ካፖርቱን ሳያወልቅ «ደወልሽላት?» አለኝ።

«ደወልኩ።»

«ምን አለች?»

«አባዬ ደህና ነው።»

ፊቴን አየ። እናቴን እመስላለሁ ይባላል፤ መደበቅ ግን ከእሷ አልተማርኩም። የሙከራ ኅትመቱን ሳበና ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰርዞ በላይዋ «ጥያቄው የእህቴ ነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በአገጩ ፊት ለፊቱ ያለውን ወንበር አመለከተኝ።

«ተቀመጪና ተቃወሚኝ እስቲ።»

ተቀመጥኩ። «መግቢያው... ትንሽ ይረዝማል መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይባልም። እናትሽ መሰለኝ ብላ አታውቅም።»

«ይረዝማል» አልኩ።

«የቱ ጋ?»

ጣቴን አኖርኩበት። አጎቴ እስክሪብቶውን አንስቶ ያንን ቦታ አሳጠረው። ሲጨርስ ፈጥኖ ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ የድሮ ጭቅጭቅ ደስታ ነበር። እኔን ሲያይ ደስታው ቀስ እያለ ጠፋ። እኔም ወደሚቀጥለው አንቀጽ ወረድኩ።